ከኮሶው እስከ ድንጋዩ

ኮረብታችንን ያወረዱት ኦቦ ኢዶሳ ናቸው ብዬ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አምኛለሁ። የወሰኑን ድንጋይ በጠራራ ቀን ነቅለው፣ ተሸክመው ሄዱ፤ ኮረብታውም ድንጋዩን ተከትሎ ወረደ። በዓይኔ ነው ያየሁት። ያየሁት ነገር ምን እንደነበር የገባኝ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነው።

ሰፈራችን ጎባ ዳር፣ ከመኪናው መንገድ ወደ ቶጎና ወንዝ በሚያወርደው ተዳፋት ላይ ነበር። ላይ፣ መንገዱ አጠገብ አንድ ትልቅ ኮሶ አለ። ከኮሶው ሥር የኦቦ ኢዶሳ ቤት፣ ከእሳቸው ግቢ በታች የእኛ፣ ከእኛ በታች ሌሎች አራት ቤቶች፣ ከዚያ ወንዙ። በእኛና በኦቦ ኢዶሳ ግቢ መካከል አንድ ጥቁር የወሰን ድንጋይ ተተክሏል። ሽማግሌዎች ሲተክሉት ከኮሶው ግንድ ጀምረው በገመድ ለክተው ሃያ ሰባት ክንድ ብለዋል። የሰፈሩ ልጅ ዕድሜውን በትክክል ባያውቅ እንኳ ሃያ ሰባት ክንድን ያውቃል።

ኦቦ ኢዶሳ ኮርቻ ሠሪ ነበሩ። የፈረስ ጀርባ በሜትር አይለኩም፤ ቀጭን የባሕር ዛፍ ዱላ ጀርባው ላይ ያጋድሙና ልኩ ላይ በቢላ ምልክት ይቆርጡበታል። እያንዳንዱ ፈረስ የራሱ ዱላ አለው፤ ሁሉም ጣሪያው ሥር ተሰክተው ይቀመጣሉ። ባለቤቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲመጣ ዱላውን መዘው ያወጡና ፈረሱ ምን ያህል እንደከሳ ይነግሩታል። ማንበብ አይችሉም፤ ግን የትኛው ዱላ የማን ፈረስ እንደሆነ ተሳስተው አያውቁም። አባቴ ሙህዲን ልብስ ሰፊ ነው። ሁለቱ በእጃቸው የሚያድሩ ሰዎች ስለሆኑ ድሮ ይዋደዱ ነበር፤ ማታ ማታ አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ፣ ሰው ሁሉ መለካት አይችልም እያሉ ሲስቁ እሰማቸዋለሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ በ1990 ክረምት መግቢያ፣ ክብሩ የሚባል መሐንዲስ መጣ። ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ኮሶው ሥር አቁሞ ተዳፋቱን በአንድ ዓይኑ ሲያይ ዋለ። ከዚያ ከላይ እስከ ወንዙ ድረስ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች በመስመር ተከለ። ምን ልታደርግ ነው ሲሉት «መሬቱን ላጠና ነው» አለ።

መሬት ምን ይጠናል? ጊዜው ማንም ማንንም የማያምንበት ነበር። አንዱ ወርቅ ተገኝቷል አለ። ሌላው ቦታውን ለባለሀብት ሊሰጡት ነው አለ። ከወንዙ ማዶ ጫካ የሚገባ የሚወጣውን ሰው ሊቆጥር የተላከ ነው የሚሉም ነበሩ፤ ይህን ግን በሹክሹክታ ነው የሚሉት። ያን ጊዜ ቢሮዎቹ ከጎባ ወደ ሮቤ ሊወርዱ ነው እየተባለ ይወራ ስለነበር እናቴ ጁሀራ፣ «ቢሮውን ጨረሱና አሁን ደግሞ ኮረብታውን ሊወስዱት መጡ» አለች። ሰው ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

አንድ ቀን ክብሩ ውሃ ሊጠጣ ዘወር ሲል ወደ መሣሪያው ሮጬ ዓይኔን አስጠጋሁ። ቤታችንን አየሁት። ጣሪያው ወደ ታች፣ መሬቱ ወደ ላይ፤ እናቴ ልብስ ስታሰጣ እግሯ ሰማይ ላይ ነው። እየጮህኩ ወረድኩና ነገርኳት። «ቤቴን ገልብጦ ነው የሚያየው?» አለችና በዚያው ቀን በዚያ በኩል ባለው መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለች። የድሮ መሣሪያ ነገርን ገልብጦ ማሳየቱ ልማዱ እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ፤ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ያን ጊዜ ግን ይህ ሰው ቤታችንን መገልበጥ እንደሚፈልግ እርግጠኛ ሆንኩ፤ የሰፈሩም ሰው እንደ እኔ።

ክብሩ ወደ መሥሪያ ቤቱ በተመለሰ በሳምንቱ ችካሎቹ ማለቅ ጀመሩ። አንዱ የበግ ማሰሪያ ሆነ፤ አንዱ ምድጃ ገባ፤ ሌሎቹን ሰዎች ነቅለው ወንዝ ጣሏቸው። ሐጂ ረዲ፣ የሽማግሌዎቻችን ሰብሳቢ፣ «ምልክት ከሌለ ተመልሶ ቢመጣም አያገኘውም» አሉ። ይህ ትልቅ ብልሃት ተደርጎ ተወሰደ።

ቤታችን ውስጥም ነገሮች እንግዳ ሆኑ። የአባቴ የስፌት መኪና በረንዳው ላይ ነበር። የክር ጥቅልሉ ጠረጴዛው ላይ አልቀመጥ እያለ እየተንከባለለ ይወድቃል፤ አባቴ ከመኪናው እግር ሥር ካርቶን አጥፎ ያስገባል። በሳምንቱ ሌላ ካርቶን። የፊት በራችን አልዘጋ ይላል፤ አባቴ ይልገዋል፤ ተመልሶ አልዘጋ ይላል። እናቴ አንድ ሰው ዓይኑን ጥሎብናል አለች። ማን እንደሆነ አልተናገረችም፤ ግን ወደ ላይ፣ ወደ ኦቦ ኢዶሳ ግቢ ስታይ አየኋት። ክብሩን ቤታቸው አስገብተው እርጎ ያጠጡት እሳቸው ብቻ ነበሩና።

እኔም መጠበቅ ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት፣ ውሃ ለመቅዳት ከመውረዴ በፊት፣ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። ኦቦ ኢዶሳ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ዱላ ይዘው ወደ ወሰኑ ይመጣሉ። መጀመሪያ ግራ ቀኝ ይገላምጣሉ። ከዚያ ድንጋዩ ሥር ተንበርክከው ሣሩን ገለጥ ያደርጋሉ፤ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ይሠራሉ፤ ሣሩን መልሰው ያለብሱታል። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሄጄ ገለጥኩት። መሬቱ ተሰንጥቋል፤ እጄ ይገባል። እየቆፈሩ ነው አልኩ በልቤ። ከስንጥቁ ላይና ታች ሁለት ባለ ቀይ ጫፍ ችካሎች ተደብቀዋል።

ቀና ስል ኦቦ ኢዶሳ አጥራቸው ዘንድ ቆመው ያዩኛል።

«ኢንተላኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አየሽው?»

እጄን ከሣሩ አወጣሁ።

«ለማንም አትንገሪ እሺ? ይነቅሉብኛል። እነዚህ ሁለቱ ናቸው የቀሩት።»

ሌባ ሌብነቱን በእንዲህ ያለ ለስላሳ ድምፅ ሲነግረኝ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ፈራሁ። እሺ ብዬ ሮጥኩ።

ሐምሌ ላይ አባቴ በወሰኑ በኩል ጎመን ሊተክል ሲል ድንጋዩ ወደ እኛ የቀረበ መሰለው። ለሐጂ ረዲ ነገረ። ሽማግሌዎች ገመድ ይዘው መጡ። ከኮሶው ግንድ ጀምረው ለኩ፤ ሃያ ስምንት ክንድ ከስንዝር። ደግመው ለኩ። ያው ነው። ኮሶው እንደሆነ ከአያቶቻችን ጀምሮ ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ ገመድም አይዋሽም። ስለዚህ ድንጋዩን አንድ ሰው ወደ እኛ ገፍቶታል፤ በመግፋቱ የሚጠቀመው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«መሬቱ ነው የሚሄደው» አሉ ኦቦ ኢዶሳ። «እኔ አይደለሁም።»

«መሬት እግር አለው?» አሉ ሐጂ ረዲ፤ ሰው ሳቀ።

ኦቦ ኢዶሳ ረጅም ዱላ አወጡ። «ይኸው፣ ክብሩ በየጠዋቱ ለካ ብሎኝ ከችካል እስከ ችካል የለካሁት ነው። ተመልከቱት፣ ምልክቶቹ እየተራራቁ ነው። እንደ ፈረስ ነው፣ ሆዱ ሲነፋ...»

«በገዛ ዱላህ ለገዛ ራስህ ልትመሰክር ነው?» አሉ ሐጂ ረዲ። የክብሩ ስም መጥራታቸው ደግሞ ነገሩን የባሰ አደረገው፤ ይኸው ከማን ጋር እንደሚሠሩ በአፋቸው ተናገሩ ተባለ። አባቴ ያን ጊዜ፣ «ልጄ አይታለች» አለ። ለሱ ሳልነግረው አላደርኩም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ሐጂ ረዲ፣ «ምን አየሽ ዙሀይራ?» አሉኝ።

«ጠዋት ጠዋት ድንጋዩ ሥር ይንበረከካሉ።»

«እሺ። ከዚያስ?»

አባቴ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ሁሉም ይጠብቃል። እንዲህ ብዙ ሽማግሌ ፀጥ ብሎ ቃሌን ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም፤ ያለኝ ቃል ደግሞ አለቀብኝ። «ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ይዘው ይገፉታል» አልኩ።

ይህን አላየሁም። ዛሬም ድረስ ስጽፈው ፊቴ ይቃጠላል። ኦቦ ኢዶሳ አልተቆጡኝም፤ ዱላቸውን ብብታቸው ሥር ከተቱ። ሽማግሌዎች ድንጋዩን አንስተው ወደ ላይ መልሰው፣ በሃያ ሰባት ክንድ ላይ ተከሉት፤ አባቴም አዲሱ ቦታ ላይ ጎመኑን ተከለ። ለእኔ ስኳር ተሰጠኝ።

ነሐሴ ሲገባ ደግመው ለኩ። ሃያ ሰባት ክንድ ተኩል። ኦቦ ኢዶሳ ዓይን ያወጣ ሌባ ተባሉ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታቸውን የሚመልስ ጠፋ፤ ኮርቻ ያሠራ የነበረ ሁሉ ሌላ ሠሪ ፍለጋ ሮቤ ወረደ። ክብሩ ግን ሰዎቹ ከተዳፋቱ ይነሱ የሚል ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ኋላ እንደሰማሁት ደብዳቤው የሆነ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ሲጠብቅ ነው የነሐሴ ዝናብ የደረሰበት። ቢፈረምስ ማን ይሰማው ነበር?

በዚያ ነሐሴ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ዝናቡ ቆም ሲል ኦቦ ኢዶሳ በራችን ላይ መጡ። እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው።

«ሙህዲን፣ ዛሬ ልጆቹን ይዘህ ወደ መንገዱ ውጣ። የታችኞቹም ይውጡ። ከትናንት እስከ ዛሬ ብቻ ጣቴን የሚያህል ሄዷል።»

«ለዚህ ነው እንግዲህ» አለ አባቴ። «ወሰኑ አልበቃዎትም፤ ጠቅላላውን ለቅቀን ልንወጣልዎት?»

በሩን ሊዘጋባቸው ሞከረ። በሩ ግን አልዘጋ አለ፤ አባቴ እስኪሄዱ ድረስ በእግሩ ደግፎ ያዘው። ወደ ታች ወርደው አራቱን ቤት አንኳኩ። ማንም አልከፈተላቸውም።

አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ከዚያ ከውጭ ጩኸት ሰማን። ሲያነጋግሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት ኦቦ ኢዶሳ የወሰኑን ድንጋይ ነቅለው ትከሻቸው ላይ አድርገዋል፤ ወደ መንገዱ እየወጡ ይሳደባሉ።

«ሙህዲን! ከከፈን ጨርቅ ቆርጠህ የምትሰርቅ! ድንጋይህን ወስጃለሁ፣ ና ቀማኝ! ረዲ! ገመዱን አሳጥረህ የምትለካ ሐጂ! ና!»

ለልብስ ሰፊ ከከፈን ሰረቅህ ከማለት የባሰ ስድብ የለም። አባቴ መቀሱን እንደያዘ ወጣ። እናቴ ተከተለች፣ እኔ ተከተልኩ። ከታች ሐጂ ረዲ ከዘራቸውን ይዘው፣ ልጆቻቸው፣ ምራቶቻቸው፣ የአራቱ ቤት ሰው በሙሉ ተንጋግቶ ወጣ። እንዲህ ያለ ጠብ የሚያልፈው ማን አለ? ኦቦ ኢዶሳ ሦስት ጊዜ ቆሙ። በቆሙ ቁጥር ዞረው የአንዱን ቤት ስም ጠርተው ይሳደባሉ። ያን ጊዜ ድካም መስሎኝ ነበር።

መንገዱ ላይ ደረስን። ድንጋዩን ኮሶው ሥር ጣሉት። አባቴ ኮሌታቸውን ያዘ፤ «አንተ!» አላቸው፣ አንተ ብሏቸው አያውቅም። እሳቸው ግን እሱን አያዩትም፤ በትከሻው ላይ ሰዉን አንድ በአንድ ያያሉ።

«ሁላችሁም አላችሁ? ቁጠሩ» አሉ። «ዲማስ? ትንሹ ልጅስ?»

ወንድሜ ዲማ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ቤት ተኝቷል። እናቴ፣ «ልጄን ምን አደረግህብኝ?» ብላ ተመልሳ ወደ ታች በረረች። ነጠላዋ አጥሩ ላይ ቀረ። ልጁን አንድ ነገር ያደረጉት መስሏታል። ዲማን ከነብርድ ልብሱ አቅፋ እያለቀሰች ስትመለስ እግሯ መንገዱን እንደረገጠ ከበታቻችን ድምፅ መጣ። ከባድ መኪና ድንጋይ ሲያራግፍ ያለ ድምፅ ነው። ቤታችን መጀመሪያ ዘመም አለ፤ ከዚያ እንደቆመ ሄደ። ጎመናችን፣ አጥራችን፣ የአባቴ የስፌት መኪና፣ አራቱ ቤት፣ የሐጂ ረዲ ላም፣ ሁሉም ተያይዘው ቶጎና ገቡ። የኦቦ ኢዶሳ ቤት ከላይ እንዳለ ቀረ።

አንድም ሰው አልሞተም። ግን ማን ያንን ያሰላስላል? ያየነው ነገር ግልጽ ነበር፤ ሽማግሌው ድንጋዩን ነቀሉ፣ ኮረብታው ወረደ፣ የእሳቸው ቤት ተረፈ። መሐንዲሱ አስተምሯቸው ነው ተባለ፤ ድንጋዩ ሥር አንድ ነገር ቀብረዋል ተባለ። አብሬ ያወራሁት እኔም ነኝ፤ ስንጥቁን ቀድሜ ያየሁት እኔ ስለነበርኩ ልጆች ከበው ያስወሩኝ ነበር።

በወሩ ኦቦ ኢዶሳ ቤታቸውን ትተው ጊኒር ወደ ልጃቸው ሄዱ። የተጠለልንበት ዘመድ ቤት ደጃፍ ላይ ጋሪያቸውን አስቁመው ወረዱ። ጋሪው ላይ ዱላዎቻቸው በገመድ ታስረዋል፤ ከሥራቸው ጆንያ የለበሰ አንድ ከባድ ነገር ነበር። «አሰላሙ አለይኩም፣ ሙህዲን» አሉ። አባቴ ፊቱን አዞረ። ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ጋሪው ላይ ወጡ።

እኛም ሮቤ ወረድን። ሮቤ ሜዳ ነው። አባቴ ሌላ የስፌት መኪና ገዛ፤ ወለሉን በውሃ ልክ ሳያስለካ ግን አልተቀመጠበትም።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በአራተኛው ዓመት አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ሳለ። ተዳፋት ከመናዱ በፊት በየቀኑ የሚሄደው ርቀት ነው አለ፤ መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ፣ ከዚያ በሰፊው፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ። ወንበሬ ላይ ደረቅሁ። ያንን መስመር አይቼዋለሁ። በቢላ ተቆርጦ፣ ዱላ ላይ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አይቼዋለሁ።

በዚያው ቅዳሜ ጊኒር ሄድኩ። ኦቦ ኢዶሳ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ልጃቸው አደ ሰቢሪና ገበያው አጠገብ ትኖራለች። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራት አስገባችኝ እንጂ አልሳቀችልኝም። ዱላው ጣሪያው ሥር ከሌሎቹ ጋር ተሰክቶ ነበር፤ ከሁሉም ይረዝማል። አውርዳ ሰጠችኝ። በጣቴ ዳሰስኩት። ታች ላይ ምልክቶቹ ተጣብቀዋል፤ ወደ ጫፉ ሲሄዱ ይራራቃሉ፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት መካከል አውራ ጣቴ ይገባል። ክፍል ውስጥ በሂሳብ የተማርነውን፣ ማንበብ የማይችል ሰው በቢላ ጨርሶታል።

«ያን ቀን ዋሽቻለሁ» አልኳት። «ድንጋዩን ሲገፉ አላየሁም።»

«ያውቅ ነበር» አለች። «ልጅ ናት፣ ሰው ሲያያት ፈርታ ነው ይለኝ ነበር። በአንቺ አልተቀየመም። የከፋው በአባትሽ ነው። ሰላምታዬን አልመለሰልኝም ይል ነበር። እስኪሞት።»

ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ጥቁሩ ድንጋይ ዝናብ በማያገኘው የግድግዳው ጥግ ቆሟል። «ይሄ የሙህዲን ነው፤ ሲመጡ ስጪያቸው ብሎኛል። ስንት ጊዜ መቀመጫ ላድርገው ስል ከለከለኝ።»

አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ለመጫን ሁለት ወጣቶች አስፈለጉኝ፤ አንደኛው ወገቡን ይዞ አማረረ። ያንን ድንጋይ የስድሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ በጭቃ፣ ሽቅብ፣ እየተሳደቡ ተሸክመውታል። መንገዱን ሁሉ ይህን ብቻ ሳስብ ሮቤ ደረስኩ።

አባቴ በረንዳ ላይ መኪናው ዘንድ ተቀምጧል። ድንጋዩ ከጋሪ ሲወርድ አይቶ ወዲያው አወቀው። እግሩን ሰበሰበ። ዱላውን ጭኑ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት፤ መስመሩን፣ ስንጥቁን፣ ከስንጥቁ በላይ ያለው ኮሶ ለምን ንቅንቅ እንዳላለ፣ ከስንጥቁ በታች ያለነው እኛ ለምን እንደሄድን። የእኔንም ውሸት ነገርኩት። ከአንገቱ ሜትሩን አወረደና በምልክቶቹ መካከል እያስገባ አንድ በአንድ ለካ። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ለካ። ዲማ ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከቤት ወጥቶ ምንድነው እያለ ቆሟል። አባቴ ቀና ብሎ እሱን አየው፤ እናቴን አየ፤ እኔን አየ።

«ሦስት ጊዜ የቆሙት ለምን ነበር?» አለ። «ያንን ተሸክመው?»

«ሁላችንም እስክንወጣ እየጠበቁን ነበር፣ አባዬ።»

ተነሳ። ድንጋዩ ዘንድ ሄዶ ጎንበስ አለና መዳፉን ላዩ ላይ አሳረፈ፤ ጭቃው አሁንም አንድ ጎኑ ላይ ደርቋል።

«ወአለይኩም ሰላም፣ ኦቦ ኢዶሳ» አለ።